ከመውረስ በፊት መመዝገብ፦ ስለ ቤይሩት የቤት ሥሪት ሞተር ብስክሌቶች

እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 2021 በሊባኖስ የሃያ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ300,000 ሊራ አለፈ። በዚያ አገር ቤንዚን የሚጠራው በሊትር ሳይሆን በቆርቆሮ ነው፤ አንድ ቆርቆሮ ሃያ ሊትር ይይዛል፤ የዋጋ ማስታወቂያም የሚወጣው በዚሁ መለኪያ ነው። ያው ቆርቆሮ ከሁለት ዓመት በፊት በ25,000 ሊራ ገደማ ይሸጥ ነበር። በሕግ የተወሰነው ዝቅተኛ የወር ደመወዝ ግን ከ675,000 ሊራ ፈቀቅ አላለም ነበር። በመሆኑም አንድ የጥበቃ ወይም የጽዳት ሠራተኛ ወር ሙሉ ደክሞ የሚያገኘው ገንዘብ፣ ሁለት ቆርቆሮ ቤንዚን ቢገዛበት ለዳቦ የሚተርፈው ኢምንት ሆነ።

ከዚያ ወቅት ወዲህ የቤይሩት መንገድ መልኩን ለውጧል። መኪናውን ያቆመ ሰው ሞተር ብስክሌት ገዛ፤ ሞተር ብስክሌት መግዛት ያልቻለ አቧራ የጠጣ ብስክሌቱን ከጓዳ አወጣ፤ እኛ ባጃጅ የምንላት ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪም ቀድሞ እምብዛም ባልታየችባቸው የሊባኖስ ከተሞች ሥራ ጀመረች። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ግን በየትኛውም መዝገብ የማይገኝ አንድ ዓይነት አለ፦ ተራ ብስክሌት ላይ ከአሮጌ ዕቃ የተነቀለች ትንሽ ሞተር የተገጠመባት፣ ግማሿ ፔዳል ግማሿ ቤንዚን የሆነች የቤት ሥሪት መጓጓዣ። በደቡባዊው የከተማዋ ዳርቻ በሸያሕና በቡርጅ አል-በራጅነህ ጠባብ መንገዶች፣ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ደግሞ በናብዓና በቡርጅ ሐሙድ የጋራዥ ሠፈሮች፣ አልፎ አልፎ ስትንተከተክ የምትሰማው ይህች ናት።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። ይህችን መጓጓዣ እንደ ወንጀል መሣሪያ ቆጥሮ መውረስ ተገቢ አይደለም፤ የድኻ ብልሃት ነው እያሉ አወድሶ ማለፍም እንዲሁ ተገቢ አይደለም። መንግሥት ልክ ያበጅላት፤ ሠሪዋም ፍሬን ያበጅላት።

በቅድሚያ ሰው ለምን ወደዚህ እንደደረሰ መረዳት ያሻል። ቤይሩት ትራም የነበራት ከተማ ናት፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሥራ የጀመረው ትራም በ1965 ቆመ። ከ1895 ጀምሮ ተራራውን እየቧጠጠ ቤይሩትን ከደማስቆ ያገናኝ የነበረው ባቡር በእርስ በርስ ጦርነቱ መጀመሪያ ዓመታት ተቋረጠ፤ የማር ሚኻኤል ጣቢያ ሐዲዱ ላይ ሣር በቅሎበት ዛሬም በቦታው አለ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡን ሲያመላልሱ የኖሩት የግል ሚኒባሶችና «ሰርቪስ» የሚባሉት፣ ቀይ ሰሌዳ ያላቸው የጋራ ታክሲዎች ናቸው። ከሐደስ አካባቢ ተነሥቶ ደቡባዊውን ዳርቻ አቋርጦ ሐምራ የሚደርሰው «ቫን ቁጥር 4» በከተማዋ ዝነኛ የሆነው መንግሥት ያላቆመውን የትራንስፖርት መስመር ሾፌሮቹ ራሳቸው ስላቆሙት ነው። በግንቦት 2022 ፈረንሳይ 50 አውቶቡሶችን በስጦታ ስትልክ ዜናው ትልቅ ሆኖ ተነገረ። በዚያች ትንሽ አገር 50 አውቶቡስ ትልቅ ዜና መሆኑ በራሱ የሚናገረው ነገር አለ።

ለምን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ብስክሌት አልገዙም የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በ2021 የበጋ ወራት የመንግሥቱ ኤሌክትሪክ ኩባንያ በቀን ከአንድና ከሁለት ሰዓት በላይ መብራት መስጠት ተስኖት ነበር፤ ጥቅምት 9 ቀን 2021 ደግሞ የደይር ዐማርና የዘህራኒ ጣቢያዎች ነዳጅ አልቆባቸው በመቆማቸው አገሪቱ ሙሉ በሙሉ ጨለመች። ባትሪውን የሚሞላበት ሶኬት ለሌለው ሰው የኤሌክትሪክ ብስክሌት ክብደት እንጂ መጓጓዣ አይሆንለትም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጣሪያዎች የፀሐይ ብርሃን ሰሌዳ ለብሰዋል፤ ጣሪያ ያለው ግን ባለቤቱ ነው። በምድር ቤት ወይም በአንዲት ኪራይ ክፍል የሚኖር ሰው ጣሪያ የለውም። የአገራችን ጉዳይ ተቃራኒ ነው፤ ኢትዮጵያ ከውኃ የሚመነጭ ኤሌክትሪክ ስላላት በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። እያንዳንዱ አገር መንገዱን የሚመርጠው ባለው ኃይል ነው፤ ቤይሩት ውስጥ በእጅ የቀረው ኃይል ደግሞ በጠርሙስ የሚገዛ ቤንዚንና በየበረንዳው የተቀመጠ ትንሽ ጄኔሬተር ነበር።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ብዙ ሰው ነገሩን እንደ ተአምር ወይም እንደ እብደት ያየዋል፤ ሁለቱንም አይደለም።

ሞተር ፈላጊው ዘወትር ከሚደርስባቸው ስፍራዎች አንዱ በሲን አል-ፊል፣ በቤይሩት ወንዝ ዳር የሚቆመው «ሱቅ አል-አሐድ» ነው። ስሙ የእሑድ ገበያ ማለት ነው። አሮጌ ዕቃ በጨርቅ ላይ ተዘርግቶ የሚሸጥበት ይህ ገበያ የውኃ ፓምፕ፣ የሣር ማጨጃና የተበላሸ ጄኔሬተር አይጠፋበትም። ከእነዚህ ሁሉ የምትፈለገው ከ50 ኪዩቢክ ሳንቲሜትር የማትበልጥ፣ በአንድ እጅ የምትነሣ፣ ማቀጣጠያዋ ያለ ባትሪ በማግኔት የሚሠራ ሞተር ናት። ያረጀች መሆኗ ብዙ አያስፈራም፤ እንዲያውም የቀድሞዎቹ ሞተሮች በዊንችና በመፍቻ ብቻ ተፈትተው የሚገጠሙ በመሆናቸው ኮምፒዩተር ለሌለው ጋራዥ ይመቻሉ። ችግሯ ሌላ ነው። ዓመታት የተቀመጠች ሞተር የማግኔት ጥቅልሏ እርጥበት ጠጥቶ ብልጭታዋ ይደክማል፤ የካርቡራተሯ ቀጭን ቀዳዳ በደረቀ ቤንዚን ሙጫ ይደፈናል፤ የጎማ ማኅተሞቿ እንደ ደረቅ እንጀራ ይሰነጣጠቃሉ። የማቀጣጠያው መክፈቻ ርቀት 0.4 ሚሊሜትር ገደማ ሆኖ ሲስተካከልና ካንዴላው ሲጸዳ ግን፣ አልሞትኩም ብላ የምትነሣ ሞተር ብዙ ናት።

ሁለት ምት ያላት ሞተር ከሆነች ዘይት የምታገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ለቀድሞዎቹ የተለመደው ልክ ለ25 እጅ ቤንዚን አንድ እጅ ዘይት ነው፤ ይህ ማለት ለአንድ ሊትር 40 ሚሊሊትር፣ ከአንድ ስኒ ቡና ያነሰ መሆኑ ነው። ዘይት ውድ ነው ብሎ ከዚህ የቀነሰ ሰው ፒስቶኑን ያቃጥላል፤ ለጥንቃቄ ብሎ ያበዛም ካንዴላውን አጥቁሮ ሠፈሩን በጭስ ይሞላል። የቤይሩት ጋራዥ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለሆነ የእኛ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል፤ የእኛ መካኒክ ከጣሊያን የወረሰውን ካንዴላ ሊባኖሳዊው «ቡጂ» ይለዋል፤ ማርሚታ የምንለው የጭስ ማውጫ እዚያ «ኢሽክማን» ነው። ፍሬን ግን «ፍራም» ስለሚባል አያጠፋፋም። ከቃላት ሁሉ ያ አንዱ መግባባት የሚቻልበት መሆኑ መልካም ነው፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና።

ኃይሉን ከሞተር ወደ ጎማ ለማድረስ ሁለት መንገድ ይሠራበታል። አንደኛው ጎማውን በቀጥታ የሚያሽከረክር ሻካራ ከበሮ ነው። ከ1946 እስከ 1988 በፈረንሳይ የተመረተችው «ቬሎ ሶሌክስ» በዚህ መንገድ ትሠራ ነበር፤ ሞተሯ ከፊት ጎማ በላይ ተቀምጣ በእጀታ ስትለቀቅ ከበሮው ጎማውን ይነካል፤ ሲነሣ ይለቃል፤ ብስክሌቷም በፔዳል ብቻ ትሄዳለች። ቀላልና ብልህ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ዝናብ ሲዘንብ ከበሮው ይንሸራተታል፤ ጎማውም ቶሎ ያልቃል። ሁለተኛው መንገድ በኋላ ቸርኬ ላይ ሌላ ጥርስ አስሮ በካቴና ማያያዝ ነው። ይህ አይንሸራተትም፤ ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ጥርሱ የሚታሰረው በቸርኬው ቀጫጭን ሽቦዎች ላይ ነው፤ እነዚያ ሽቦዎች የሰው እግር ግፊትን እንጂ የሞተር ንዝረትን እንዲሸከሙ አልተሠሩም። አንድ ሽቦ ሲበጠስ የቀሩት ላይ ጫናው ይበዛል፤ ቸርኬው ይጣመማል፤ ካቴናው ከጥርሱ ይወጣና ከኋላ ጎማ ጋር ይጠላለፋል። በጽድቅ መንፈስ የተሠራች ብስክሌት ባለቤቷን የምትጥለው በዚህ መንገድ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበው ፍሬኑ ነው። የተራ ብስክሌት ፍሬን ቸርኬውን በሁለት የጎማ ቁራጭ ቆንጥጦ የሚይዝ ነው፤ የተሠራውም በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚጓዝ ሰው ነው። ፍጥነቱ ወደ 30 ሲያድግ ሰው አደጋው በእጥፍ የጨመረ ይመስለዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም፤ ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ ፍሬን ሊያጠፋው የሚገባው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ ወደ 45 ሲደርስ ደግሞ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። በዚያ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ፍሬን ለመያዝ እስኪያስብ ባለችው አንዲት ሴኮንድ ከስምንት ሜትር በላይ ተጉዟል። የቤይሩት ሠፈሮች ስምንት ሜትር የሚታይ መንገድ የማይገኝባቸው ናቸው፤ ከመኪና ኋላ ሕፃን ይወጣል፤ ከበረንዳ የወረደ የጄኔሬተር ገመድ ይንጠለጠላል፤ የጉድጓድ ክዳን ተሰርቆ ባዶ ቀርቷል። ከዐሽረፊያ ኮረብታ ወደ ወንዙ የሚወርደውን ቁልቁለት ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ስለዚህ ሞተሩን የሚገጥም ሰው የመጀመሪያ ገንዘቡን ሊያወጣ የሚገባው በሞተሩ ላይ ሳይሆን በሁለቱ ፍሬኖች ላይ ነው። ከወደቀ ሞተር ብስክሌት የተወሰደ የከበሮ ፍሬን ያለው የፊት ጎማ፣ ወፍራም ሽቦ ያለው ቸርኬ፣ የተፈተሸ የፊት ሹካ፣ ሲለቀቅ በራሱ የሚመለስ የጋዝ እጀታ፣ ሞተሩን በአንድ ጣት የሚያጠፋ ማብሪያ። እነዚህ ካልተሟሉ ሞተሩ ባይገጠም ይሻላል። በዚህ ላይ የምደራደርበት ነገር የለኝም።

ይህ ዓይነቱ ሥራ ለድኻ አገር ብቻ የተተወ የሚመስለው ሰው ታሪኩን ያላየ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ ጃፓን የወደመች፣ ባቡሯ የተጨናነቀ፣ ቤንዚኗ በራሽን የሚሰጥ አገር ነበረች። በ1946 በሐማማትሱ ከተማ ሶይቺሮ ሆንዳ የተባለ መካኒክ ከጦር ሠራዊቱ የተረፉ ትናንሽ ሞተሮችን አገኘ። ሞተሮቹ የተሠሩት የጦር ሜዳ ሬዲዮ ኤሌክትሪክ ለሚያመነጭ ጄኔሬተር ነበር። እሱም ብስክሌት ላይ ገጠማቸው። ለመጀመሪያው ሙከራ የነዳጅ ጋን ያደረገው ከቤት ያገኘውን የሙቅ ውኃ መያዣ ዕቃ ነበር፤ በመንገድ ላይ ነድታ ከሞከሩት መካከልም ባለቤቱ ሳቺ ትገኝበታለች። ቤንዚን ሲጠፋ ከጥድ ሥር የተጨመቀ ዘይት ይቀላቀልበት ነበር። የተገኙት 500 ያህል ሞተሮች ሲያልቁ ሆንዳ የራሱን ሞተር ሠራ፤ በ1947 የወጣችው ያች 50 ኪዩቢክ ሳንቲሜትር ሞተር ከድምፅዋ የተነሣ «ባታ-ባታ» ተባለች። በ1958 የጀመረው የ«ሱፐር ከብ» ምርት በ2017 ከ100 ሚሊዮን አለፈ። በቤይሩት በረንዳ ላይ የተቀመጠ አሮጌ ጄኔሬተር ሲታይ ይህ ታሪክ ትዝ ሊለን ይገባል፤ የዓለም ትልቁ የሞተር ብስክሌት ኩባንያ የተነሣው ከዚህ ዓይነት ዕቃ ነውና።

ጣሊያንም እንዲሁ ናት። በቱሪን ከተማ አልዶ ፋሪኔሊ የተባለ ሰው ገና ጦርነቱ ሳያበቃ ለብስክሌት የምትገጠም 48 ኪዩቢክ ሳንቲሜትር ሞተር ነደፈ፤ «ኩቾሎ» ወይም ቡችላ ብሎ ሰየማት። ሰውየው የሕግ ባለሙያ ነበር፤ ጠበቃ ሞተር ሠራ ሲባል የሚገርመው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ከ1946 ጀምሮ ሞተሯን በቦሎኛ ያመረተው ዱካቲ ነው። ዱካቲ ያን ጊዜ የሬዲዮ ዕቃዎች አምራች ነበር፤ ፋብሪካውም በ1944 በአውሮፕላን ተደብድቦ ወድሞ ነበር። ዛሬ ስሙ ከሀብታም ልጆች ቀይ ሞተር ብስክሌት ጋር የሚነሣው ኩባንያ ወደ ሁለት ጎማ የገባው ሠራተኛን ወደ ፋብሪካ በምታደርስ በዚህች ቡችላ ነው።

እነዚህ ምሳሌዎች መልካም ፍጻሜ ያላቸው ስለሆኑ እንወዳቸዋለን። ሌላውንም ማየት ይገባል። ሶቪየት ኅብረት በ1991 ስትፈርስ ኩባ ነዳጅ አጣች፤ ከቻይና ከአንድ ሚሊዮን በላይ ብስክሌት አስገባች፤ ሕዝቡም ከውኃ ፓምፕ፣ ከእንጨት መቁረጫ መጋዝና ከፀረ-ተባይ መርጫ የነቀለውን ሞተር ብስክሌት ላይ እየገጠመ «ሪኪምቢሊ» የሚላትን መጓጓዣ ፈጠረ። እንዲህ ያሉ የእጅ ሥራዎችን ሲሰበስብ የኖረው የኩባ ሠዓሊና ንድፍ ባለሙያ ኤርኔስቶ ኦሮዛ ነገሩን «የቴክኖሎጂ እምቢተኝነት» ብሎታል። የኩባ መንግሥት ግን ለሪኪምቢሊ ሰሌዳ የሚሰጥበት ሕግ አላበጀም። አሽከርካሪው ፖሊስ ሲያይ ሞተሩን አጥፍቶ ፔዳል እየመታ ያልፋል። መዝገብ ስለሌላት የሚመረምራት የለም፤ የሚመረምራት ስለሌለ ፍሬኗ አይሻሻልም፤ አደጋ ሲደርስም የሚጠየቅ የለም። ሆንዳንና ሪኪምቢሊን የለየው የሠሪዎቹ ብልሃት አልነበረም።

በሊባኖስ አሁን የምናየው ሁለተኛውን መንገድ ይመስላል። በግንቦት 2024 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በቤይሩት የጸጥታ ዘመቻ አውጆ ሰሌዳና ሰነድ የሌላቸው ብዙ ሞተር ብስክሌቶች ተይዘዋል። የዘመቻውን ምክንያት አላጣጥልም። በሰሌዳ አልባ ሞተር ብስክሌት መጥቶ ቦርሳ የሚነጥቅ ሌባ በዚያች ከተማ ያለ ነገር ነው፤ ቦርሳቸውን ከተነጠቁት መካከል በእሑድ ዕረፍቷ ገንዘብ ልትልክ የወጣች እኅታችን ልትኖር ትችላለች። ጩኸቱም ጭሱም እውነት ነው፤ ማርሚታውን አውጥቶ ሌሊት የሚያንባርቅ ወጣት ሕመምተኛ ያለበትን ቤት አያስብም። ይሁን እንጂ የዘመቻው ሌላ ገጽታ መታየት አለበት። ሕዝቡ «ናፍዓ» የሚለው የተሽከርካሪዎች ምዝገባ መሥሪያ ቤት በ2022 መጨረሻ በሙስና ምርመራ ብዙ ሠራተኞቹ ከታሰሩ በኋላ ለወራት ተዘግቶ ነበር፤ ሲከፈትም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ ነበር። መመዝገቢያው መስኮት ተዘግቶ የቆየበትን ሰው «ለምን አልተመዘገብክም?» ብሎ ንብረቱን መውረስ ፍትሕ አይባልም። ፋብሪካ ሠርቷት ካርኒ ያላት ሞተር ብስክሌት እንዲህ ከሆነች፣ ከእሑድ ገበያ በተገዛች ሞተር የተሠራችው ብስክሌት ምን ተስፋ አላት?

የፊቅህ ትምህርት የቀመሰ አንባቢ እዚህ ላይ «መጀለት አል-አሕካም»ን ያስታውስ ይሆናል። በዑስማኒያው መንግሥት የመጨረሻ ዘመን የተጠናቀረው ይህ ሕግ፣ በ1932 የወጣው የግዴታዎችና የውሎች ሕግ እስኪተካው ድረስ በሊባኖስም ይሠራበት ነበር። መግቢያው ላይ ከሰፈሩት መርሆች መካከል ሦስቱ ለዚህ ጉዳይ የተጻፉ ይመስላሉ። ጉዳት መወገድ አለበት የሚለው አንደኛው ነው፤ ይህ ለእግረኛውም ለአሽከርካሪውም ይሠራል። ችግር የተከለከለውን ያስፈቅዳል የሚለው ሁለተኛው ነው፤ ሰዎች አብዝተው የሚጠቅሱትም እሱን ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፤ በችግር የተፈቀደ ነገር የሚፈቀደው በችግሩ ልክ ብቻ ነው። ወደ ሥራ ለመድረስ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይበቃል። በመሆኑም «ችግር ነው» ብሎ ብስክሌቱን ወደ 60 የሚያበር ሰው በችግር ስም የሚነግድ ነው፤ «ሕግ ነው» ብሎ የ30ውንም የሚወርስ ባለሥልጣን የችግሩን ልክ አልመዘነም።

ይህን ልክ በሕግ ማስቀመጥ ከባድ አይደለም፤ የሊባኖስ ሕግ አዘውትሮ የሚከተላት ፈረንሳይ ከሰባ ዓመት በፊት ሠርታዋለች። ፔዳል ያላትንና ከ50 ኪዩቢክ ሳንቲሜትር የማትበልጠውን ብስክሌት ለብቻዋ መደብ ሰጥታ፣ ያለ መንጃ ፈቃድ እንድትነዳ ፈቀደች። ሶሌክስ በሚሊዮን የተሸጠችው በዚያ መደብ ምክንያት ነው፤ መምህሩም ቄሱም ነርሷም ነድተዋታል። ሊባኖስ ያለ ፈቃድ ትነዳ ማለት አይጠበቅባትም፤ መንገዱ የ1950ዎቹ የፈረንሳይ ገጠር አይደለም። ነገር ግን መደቡ ራሱ ያስፈልጋል።

ይህ ጉዳይ የእኛን ሰው የሚነካው ከሁለት አቅጣጫ ነው። በናብዓና በዳውራ ክፍል ተከራይተው በቀን ሥራ የሚያድሩ ኢትዮጵያውያት፣ ከቤት ቤት ለማጽዳት ሲዞሩ ከሚያገኙት ላይ ትራንስፖርቱ ይቆርጥባቸዋል። ቫኑ በማይደርስበት ሰዓት ከኋላ የሚጫኑት በምታውቁት በዚህ ዓይነት ሞተር ብስክሌት ነው፤ የራስ ቁር ደግሞ፣ ቢኖር እንኳ፣ አንድ ብቻ ነው፤ የሚያደርገውም ሾፌሩ ነው። በመስከረምና በኅዳር 2024 መካከል ደቡባዊው ዳርቻ በእስራኤል የአየር ድብደባ ሲናወጥ፣ ከመኪናውና ከእግረኛው ጋር በሁለት ጎማ የሸሹ ብዙዎች ነበሩ፤ በዚያ ሌሊት ሰሌዳ የጠየቀ አልነበረም። ሁለተኛው አቅጣጫ የሰነድ ጉዳይ ነው። በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዱ በአሠሪው እጅ የታሰረ ሰው በራሱ ስም ምንም ማስመዝገብ አይሆንለትም፤ ፍተሻ ባለበት መንገድ ብስክሌቷ ስትያዝ እሱም አብሯት ይያዛል። ስለዚህ የብስክሌቷ ምርመራ ከባለቤቷ የመኖሪያ ፈቃድ ምርመራ መለየት አለበት፤ ካልተለየ የመጨረሻው ድኻ ፍሬኑን ሊያስመረምር ፈጽሞ አይመጣም።

በአዲስ አበባም ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ ላይ እገዳ ተጥሎ ነበር፤ ምክንያቱም ያው በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ ነበር። በሞተሩ መልእክትና ዕቃ እያደረሰ የሚኖረው ወጣት ያን ጊዜ ያነሣው ጥያቄ ቤይሩት ካለው የተለየ አልነበረም፤ ሌባውን ከእኔ ለዩልኝ ነው ያለው። የሚለየው ደግሞ ሰሌዳ ነው።

እንግዲህ ለሊባኖስ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴርና ለቤይሩት ዳርቻ ማዘጋጃ ቤቶች የሚቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከ50 ኪዩቢክ ሳንቲሜትር ለማትበልጥና ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ለማትፈጥን የቤት ሥሪት ብስክሌት የተለየ ቀለም ያለው ትንሽ ሰሌዳ ይዘጋጅ። ሰሌዳው ከመሰጠቱ በፊት የሚታየው ሁለቱ ፍሬኖች፣ ቸርኬው፣ መብራቱ፣ ማርሚታውና ሞተር ማጥፊያው ብቻ ይሁን፤ ይህን ለመመርመር ትልቅ ማሽን አያስፈልግም፤ አንድ ቁልቁለትና አንድ ልምድ ያለው መካኒክ ይበቃል፤ ቡርጅ ሐሙድ ደግሞ የባለሙያ ችግር የለበትም። የራስ ቁር ለሁለት ሰው ይጠየቅ። ፍሬኗ የማይሠራ ብስክሌት ተይዛ ለባለቤቷ የአንድ ወር ጊዜ ይሰጠው፤ ያኔም ካላስተካከለ ይወረስበት። ክፍያው ከአንድ ቆርቆሮ ቤንዚን ዋጋ አይለፍ፤ መስኮቱም ደክዋነህ ካለው ዋና መሥሪያ ቤት ሌላ በቡርጅ ሐሙድና በግቤይሪ ይከፈት፤ የቀን ሠራተኛ ሊደርስበት በሚችልበት ሰዓትም፣ ከአስር ሰዓት በኋላ፣ ክፍት ይሁን።